ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፦ እህል በሰማይ ያመጡ ሰው

ኢዮቤልዩ ሲከበር ባለውለታን ማስታወስ ወግ ነው። በ1985 ከወሎና ከትግራይ በእግር ወጥተን ድንበር የተሻገርን፣ በወድ ኮውሊ ውኃ ሲያልቅ ወደ ፋው የተዛወርን ሰዎች፣ እህል የጫነ መኪና ሲዘገይ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ስለዚህ መንገድ በሌለበት ስፍራ እህል በአውሮፕላን ማድረስ እንደሚቻል በተግባር ያሳዩትን ስዊድናዊ ታሪክ ለልጆቻችን ልናቆይ ወደድን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካውንት ፎን ሮዘን በ1909 በስዊድን ከባላባት ቤተሰብ ተወለዱ። የእናታቸው እህት ካሪን የናዚው ሹም የሄርማን ጎሪንግ የመጀመሪያ ሚስት ነበሩ፤ የእህታቸው ልጅ ግን የሄዱት በሌላ መንገድ ነው። ጣልያን አገራችንን ሲወር በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛና መድኃኒት ለማመላለስ መጡ። በመጋቢት 1936 ከስዊዘርላንዳዊው የቀይ መስቀል ሐኪም ከዶክተር ማርሴል ዡኖ ጋር ኮረም ካረፉ በኋላ፣ አውሮፕላናቸው በጣልያን ቦምብ ወደመ። ይህች ኮረም፣ በ1984ቱ ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወገናችን እህል ሲጠብቅ የሰነበተባት ያችው ኮረም ናት።

ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በወረረች ጊዜ ለፊንላንዶች በረሩ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እኛ ተመለሱ። በ1947 ሳብ ሳፊር የምትባል ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥተው፣ በመንገድ ሳያርፉ 31 ሰዓት ያህል በርረው አዲስ አበባ አስገቡ። ከ1946 እስከ 1956 ድረስም ቢሾፍቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በማቋቋም ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር አሠለጠኑ።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ የመንግሥት ያልሆኑ ትናንሽ አየር መንገዶች ይቋቋሙ ነበር። በእንግሊዝ እነ ፍሬዲ ሌከር ከጦርነት የተረፉ አውሮፕላኖችን ገዝተው ሥራ ጀመሩ፤ በ1948 የበርሊን መንገድ ሲዘጋም እንዲህ ያሉ የግል ኩባንያዎች ለከተማዋ ስንቅ በማመላለስ ተካፈሉ። ሌከር በ1966 መቀመጫው ጋትዊክ የሆነ የራሳቸውን አየር መንገድ አቋቋሙ። ፎን ሮዘንም ከኢትዮጵያ ከሄዱ በኋላ፣ መቀመጫው ማልሞ በነበረው ትራንስኤር በሚባል የስዊድን የግል አየር መንገድ አብራሪ ሆኑ። እንዲህ ያሉት ኩባንያዎች ትልልቆቹ የማይደፍሩትን ጉዞ ይቀበሉ ነበር።

በነሐሴ 1968 በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ቢያፍራ ተከብባ ሕፃናት በረሃብ ሲያልቁ፣ ፎን ሮዘን የእርዳታ ጭነት ይዘው፣ ለመሬት ተጠግተው በመብረር ከበባውን ጥሰው ገቡ። በ1969 ግን ትናንሽ አውሮፕላኖችን ሮኬት አስታጥቀው የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች አጠቁ። ለረሃብተኛ የደረሰ እጅ መሣሪያ ማንሣቱ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ እኛም አንሸፍነውም። ልጆቻችን የሰውየውን ታሪክ ሙሉውን ቢያውቁ ይሻላል።

የወሎ ረሃብ ከተጋለጠ በኋላ፣ በ1974 እንደገና ኢትዮጵያ ገቡ። አሁን አውሮፕላኖቹ የተሸከሙት ሮኬት ሳይሆን የእህል ከረጢት ነበር። በቅሎ እንኳ በጭንቅ በሚወጣባቸው ተራሮች ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ለተራበው ሕዝብ እህሉን ጣሉለት። ማረፊያ ሜዳ አላስፈለጋቸውም።

ሐምሌ 13 ቀን 1977 በኦጋዴን ጦርነት መባቻ፣ በእርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ ጎዴ ውስጥ በሶማሌ ታጣቂዎች ጥቃት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ነበር።

ከሞታቸው 8 ዓመት በኋላ፣ እኛ ወደ ፋው ስንጓዝ፣ የእንግሊዝ ሄርኩሊስና የሌሎች አገሮች አውሮፕላኖች በአገራችን ደጋ ላይ እህል ከአየር ይጥሉ ነበር። እህሉ ሳይደርሰን ቀርቶ የተሰደድነው፣ በመንገድም ወገኖቻችንን የቀበርነው፣ አንድ ከረጢት በጊዜው መድረስ አለመድረሱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ማንም እንዲነግረን አያሻንም። ልጆቻችን ሆይ፣ በጋትዊክም ሆነ በሌላ አየር ማረፊያ ስታልፉ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎዴ አስቡ። እዚያ የወደቁት ሰው እንግዳችን ብቻ ሳይሆኑ ባለውለታችንም ናቸው። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።