ኦኒ ኒስካነን፦ የሰዓት መረጃ በኢትዮጵያ የማራቶን ሥልጠና አጀማመር

የተወዳዳሪን ብቃት በቁጥር መዝግቦ ለአሠልጣኝ ውሳኔ ማዋል ሲነሣ ቀድሞ የሚጠቀሰው የአሜሪካው ቤዝቦል ነው። ብራንች ሪኪ እ.ኤ.አ. በ1947 አለን ሮት የተባለውን የስታቲስቲክስ ባለሙያ በብሩክሊን ዶጀርስ ክለብ መቅጠራቸው የዚህ አሠራር መነሻ ተደርጎ ይታያል። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሚገኘው በረዥም ርቀት ሩጫ ሲሆን ባለታሪኩም ኦኒ ኒስካነን ናቸው።

በትውልድ ፊንላንዳዊ፣ በዜግነት ስዊድናዊ የሆኑት ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1910 ተወለዱ። በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአካል ብቃት ሥልጠና ሥራ ተሰማሩ፤ ከክብር ዘበኛ ሯጮች ጋር ያስተሳሰራቸውም ይኸው ሥራ ነበር። እንደ ቤዝቦል ክለብ በየዓመቱ የብዙ ጨዋታዎች መዝገብ አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው ሰዓት፣ ጥቂት የሙከራ ውድድሮችና ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚነሡ የሩጫ መንገዶች ብቻ ነበር።

ወሳኙ መረጃ የተገኘው በ1952 ዓ.ም. ክረምት ነው። አበበ ቢቂላ በአዲስ አበባ በአንድ ወር ገደማ ልዩነት ሁለት ማራቶኖችን አሸነፈ፤ ሁለተኛውንም በ2፡21፡23 ፈጸመ። ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2፡23፡03.2 ነበር። ዛቶፔክ የሮጠው ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ከተማ ሲሆን አበበ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ሰዓቶች እኩል አድርጎ ማነጻጸር የአበበን አቅም አሳንሶ ማየት ይሆናል። የከፍታ ተጽዕኖ የስፖርት ሳይንስ ዐቢይ ርእስ የሆነው ደግሞ ዘግይቶ፣ ከሜክሲኮ ኦሊምፒክ ጋር ተያይዞ ነው። አበበ በዋሚ ቢራቱ ምትክ በመጨረሻው ሰዓት ወደ ቡድኑ የገባ ሯጭ ነው የሚለው ተደጋግሞ የሚነገር ታሪክም ከእነዚህ ሁለት ድሎች አንጻር ሲመረመር ይዳከማል፤ ምክንያቱም ይህን ሰዓት የያዘ ሯጭ ተጠባባቂ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በሮም ኒስካነንና አበበ የውድድሩን መንገድ አስቀድመው ተመለከቱ። ከመጨረሻው መስመር ብዙ የማይርቀው የአክሱም ሐውልት አበበ ፍጥነት የሚጨምርበት ቦታ ሆኖ ተመረጠ። ስለ ተቀናቃኞች የተሰበሰበው መረጃ ግን አንድ ክፍተት ነበረበት። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ቁጥር 26 ለብሶ ይሮጣል ተብሎ ሲጠበቅ 185ን ለብሶ ቀረበ። አበበም ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ራዲ መሆኑን ሳያውቅ ቁጥር 26ን ከፊት ሲፈልግ ሮጠ። ይህ ስሕተት አበበን ይበልጥ አትግቶት ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱን ግን አልለወጠውም። አበበ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በ2፡15፡16.2 ሲያሸንፍ ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ገባ። ሰዓቱ ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት ከነበረው የዓለም ምርጥ ሰዓት በአንድ ሰከንድ ክፋይ ተሻለ። ሌላው የኒስካነን ሯጭ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይህን ያህል ጊዜ ከሥልጠና ለራቀ ሯጭ የቀድሞ ሰዓቶች የሚሰጡት ዋስትና እጅግ አነስተኛ ነው። ሆኖም ከሁለተኛው ተወዳዳሪ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ በ2፡12፡11.2 አሸነፈ። ኒስካነን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 ዐረፉ።