የሚጠጣው አንድ፣ የሚታመመው ቤተሰብ

የማገለግልባት ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። ብርዱ ጠንከር ስለሚል ብዙዎች አረቄን እንደ ማሞቂያ ይቆጥሩታል። እርግጥ አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የሙቀት ስሜት ይሰጣል፤ ሰውነት ግን በዚያው ልክ ሙቀቱን ያጣል። በሌላ በኩል አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ስለዚህ መጠጥ ከኑሯችን ሩቅ አይደለም።

ወደ ምርመራ ክፍል የምትገባው ሴት ግን ብዙ ጊዜ ራሷ አትጠጣም። ጨጓራዋን ያቃጥላታል፣ ራሷን ያማታል፣ እንቅልፍ የላትም። ቀስ ብዬ ስለ ቤቷ ስጠይቃት ዓይኗ እንባ ያቀራል። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት የጨጓራ መድኃኒት አዝዤ፣ ባሏን እንድትመክረው ነግሬ እሸኛት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ምክር የማይጠቅም ብቻ ሳይሆን ሸክም የሚጨምር ነበር። ዓመታት ሙሉ ስትመክርና ስትለምን የኖረችን ሴት ገና አልመከርሽውም እንደ ማለት ነውና። ለምን እንዲህ እንደምል የሎይስ ዊልሰን ሕይወት በደንብ ያስረዳል።

ሎይስ እ.ኤ.አ. በ1891 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደች። አባቷ ሐኪም ነበሩ። ቤተሰቡ የዕረፍት ጊዜውን በቬርሞንት ያሳልፍ ስለነበር በአራት ዓመት ከሚያንሳት ቢል ዊልሰን ጋር የተዋወቀችው እዚያ ነው። ቢል ወላጆቹ ስለተለያዩ በአያቶቹ እጅ ያደገ፣ ዓይን አፋር ወጣት ነበር። በ1917 በጦር ሠራዊት ውስጥ ሳለ መጠጥ ቀመሰ፤ ዓይን አፋርነቱም ለቀቀው። በጥር ወር 1918 ተጋቡ፤ እሱም ወደ አውሮፓ ዘመተ።

ከጦርነቱ ሲመለስ መጠጡ እየባሰ ሄደ። ሎይስ ከማሕፀን ውጪ የሚፈጠር እርግዝና ደጋግሞ ገጥሟት የመውለድ ተስፋዋ ተቋረጠ። የማደጎ ልጅ ለመውሰድ ቢያመለክቱም አልተሳካላቸውም፤ ምክንያቱ የቢል መጠጥ መሆኑን የሰማችው ከዓመታት በኋላ ነው። እሷ ግን ፍቅሯና ብርታቷ እንደሚያድኑት ታምን ነበር። በ1925 ሁለቱም ሥራቸውን ትተው የጎን መቀመጫ ባለው ሞተር ሳይክል ረጅም ጉዞ ወጡ። ቢል ስለ ኩባንያዎች መረጃ ይሰበስባል፤ የሎይስ ሐሳብ ግን ባሏን ከመጠጥ ቤትና ከጓደኞቹ ማራቅ ነበር። የሚጠጣ ልጃችንን ሌላ ከተማ ወዳለ አጎቱ የምንልከው በዚሁ ተስፋ አይደለም? ሲመለሱ መጠጡም አብሮ ተመለሰ።

በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ የቢል ገቢም ወደቀ። ባልና ሚስቱ ሎይስ ወዳደገችበት ቤት ተመልሰው ተጠጉ። በ1930 የፈረንጆች ገና ዕለት የሎይስ እናት ሞቱ፤ ቢል ግን ሰክሮ ስለነበር ቀብር ላይ አልተገኘም። በእኛ አገር ከአማት ቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሎይስ በአንድ ትልቅ መደብር ተቀጥራ በትንሽ ደመወዝ ቤቱን ስታስተዳድር፣ እሱ ከቦርሳዋ ገንዘብ እየሰረቀ ይጠጣ ነበር።

ቢል በቤተሰባቸው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ዳግመኛ እንደማይጠጣ ለሚስቱ ደጋግሞ ቃል ጽፎላታል። በእኛም ዘንድ በንስሐ አባት ፊት የተገዘተ፣ በሽማግሌ ፊት የማለ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ሲሰክር ቤተሰቡ ውሸታም ነው ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ሲምል ከልቡ ነው። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በብዛት የተወሰደ አልኮል አንጎል ደስታን የሚያጣጥምበትንና ራሱን የሚገታበትን ሥርዓት ይለውጠዋል። ጠዋት ሲያቋርጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ያንን የሚያስታግስለት ደግሞ ያው መጠጥ ነው። መሐላ ፈቃደኝነትን ያሳያል፤ ሕክምናን ግን አይተካም።

ቢል በታኅሣሥ 1934 ሆስፒታል ገብቶ ከወጣ በኋላ ዳግመኛ አልጠጣም። በ1935 በአክሮን ከተማ ቦብ ስሚዝ ከተባለ ጠጪ ሐኪም ጋር ሆኖ ጠጪዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበትን አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለ ማኅበር መሠረተ። ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ የሚያልቅ ይመስላል። ለሎይስ ግን ሌላ ችግር የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ቢል ወደ ስብሰባ ለመሄድ ቶሎ እንድትዘጋጅ ሲነግራት፣ ጫማዋን አንስታ ወረወረችበት። እሷ ራሷ በንዴቷ ደነገጠች። ባሏ መጠጥ ትቷል፤ ታዲያ ምን ጎደለ? ቆይታ ስታስበው 17 ዓመት ያህል የደከመችበትን ነገር ሌሎች ሰዎች በአጭር ጊዜ ማሳካታቸው አንገብግቧት ነበር። ሕይወቷ በሙሉ የእሱን መጠጥ በመጠበቅ ተሞልቶ ስለነበር፣ መጠጡ ሲቀር እሷም ባዶ ቀረች። እሱ ሲድን የእሷን ቁስል ያየ አልነበረም።

በ1939 የሚኖሩበት ቤት በዕዳ ተወሰደ። ሁለት ዓመት ያህል በወዳጅ ቤት ሲንከራተቱ ቆይተው በ1941 የራሳቸው ቤት ገቡ። ባሎች በሚሰበሰቡበት ጊዜ በር ላይ ወይም ወጥ ቤት ሆነው የሚጠብቁ ሚስቶችን ሎይስ ማነጋገር ጀመረች። ሁሉም የእሷን ቁስል ተሸክመዋል። በ1951፣ በ60 ዓመቷ፣ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሆና በየቦታው ወዳሉ 87 የቤተሰብ ቡድኖችና ግለሰቦች ደብዳቤ ላከች። ከዚያ የተወለደው አል አኖን የተባለው የቤተሰቦች ማኅበር ዛሬ ከ100 በሚበልጡ አገሮች ይገኛል። በ1957 ደግሞ ለጠጪ ወላጆች ልጆች የሚሆን ቅርንጫፍ ተጨመረ።

ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ቤተሰብ ሱሱን አላመጣውም፤ በቁጣም በልመናም አያድነውም፤ ራሱ ግን መታከም አለበት። የጠጪው ፈቃድ እስኪገኝም መጠበቅ የለበትም።

ቤተሰብ ሲታከም ጠጪውንም ሊረዳው ይችላል። በ1999 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ሕክምና እምቢ ያለ ጠጪ ያለባቸው 130 ቤተሰቦች በሦስት መንገድ ተረድተው ነበር። የሎይስን ዓይነት ድጋፍ ካገኙት 13 በመቶ፣ ጠጪውን ሰብስቦ ፊት ለፊት መጋፈጥን ከተማሩት 30 በመቶ፣ አነጋገርንና አያያዝን በሥልጠና ከተማሩት ደግሞ 64 በመቶ የሚሆኑት ጠጪውን ለሕክምና አብቅተዋል። በሦስቱም መንገድ የተረዱት ቤተሰቦች የራሳቸው ጭንቀት ቀንሶላቸዋል።

እናንተስ ቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ? አንደኛ፣ ሰክሮ ሲመጣ አትከራከሩት። ንግግራችሁን አእምሮው ጥርት ላለበት ሰዓት አቆዩት፤ አጭርና ከስድብ የጸዳ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሳይጠጣ የዋለበትን ቀን አይታችሁ አመስግኑት፤ አብራችሁ ብሉ፣ አጫውቱት። ሦስተኛ፣ የመጠጥ ዕዳውን አትክፈሉለት፤ ለአለቃው ታሟል ብላችሁ አትዋሹለት። መዘዙን እናንተ በተሸከማችሁለት ቁጥር እሱ አያየውም።

አራተኛ፣ ለልጆች እውነቱን በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው። ልጅ ዝም ሲባል ጥፋቱን የራሱ ያደርጋል። አምስተኛ፣ ራሳችሁን አትርሱ። ከእድር፣ ከማኅበርና ከዘመድ በሐፍረት አትራቁ፤ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ፈልጋችሁ ተናገሩ። ሽማግሌም የንስሐ አባትም ይረዳሉ፤ ከሕክምና ጋር ሲሆን ደግሞ የበለጠ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አታስገድዱት። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣ፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላልና በሐኪም ክትትል ያቁም። ድብደባ ካለ ደግሞ የእናንተና የልጆቻችሁ ደኅንነት ከምክክር ይቀድማል፤ ከቤት ወጥታችሁ ወደ ዘመድ፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የአእምሮ ጤና ምክር የሚሰጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች አሉ፤ በአዲስ አበባም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል።

ቢል መጠጥን ቢያሸንፍም ሲጋራ ለረጅም ዓመታት አልለቀቀውም። በሳንባ ሕመም የሞተው በጥር ወር 1971፣ ልክ በ53ኛው የጋብቻ በዓላቸው ዕለት ነው። ሎይስ ከዚያ በኋላ 17 ዓመት ቤተሰቦችን ስታገለግል ኖራ በ1988፣ በ97 ዓመቷ አረፈች።

ዛሬ ያቺ ሴት ጨጓራዬን ብላ ስትመጣ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ወንበሬን ጠጋ አድርጌ አንቺስ እንዴት ነሽ ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ እንዲህ ተብለው ሲጠየቁ የመጀመሪያቸው ነው። ከእናንተም መካከል በዚህ ቤት ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ፣ ጠጪው እስኪመጣ ሳትጠብቁ እናንተ ኑ።

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ ይሁን።