ዶክተር ቻርልስ ድሩ፦ ደም ያቆዩ፣ ሐኪም ያፈሩ

ለመጽሔታችን ስለ አንድ ሐኪም ጻፊ ስባል ዶክተር ቻርልስ ድሩን መረጥኩ። ለበሽተኛ ፕላዝማ ባዘዝን ቁጥር እኮ የእሳቸው ልፋት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1904 ዋሽንግተን ዲሲ ተወለዱ። ያኔ ጥቁር ተማሪ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ ካናዳ ሄደው በ1933 ከማክጊል ተመረቁ። በ1940 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያገኙት ደምን ስለማቆየት አጥንተው ነው። በዚያው ዓመት በጦርነት ለቆሰሉ እንግሊዛውያን ፕላዝማ የመላኩን ሥራ መሩ።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል ግን መጀመሪያ የጥቁር ሰው ደም አልቀበልም አለ። በ1942 ሲቀበልም ከነጭ ደም ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ዶክተር ድሩ ይህ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው በግልጽ ተናገሩ። መለየቱ የቀረው በ1950 ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ሥራቸው ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ጥቁር ቀዶ ሐኪሞችን አሠለጠኑ፤ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርም ጥቁር ሐኪሞችን ማግለሉን እንዲተው ሞገቱ።

ኤፕሪል 1 ቀን 1950 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ገና 45 ዓመታቸው ነበር። ነጮች ሕክምና ከልክለዋቸው ሞቱ የሚባለው እውነት አይደለም፤ ነጭ ሐኪሞች ሊያድኗቸው ታግለዋል። ወሬው የታመነው በሌሎች ጥቁሮች ላይ በእርግጥ ይደርስ ስለነበር ነው።

ብዙዎቻችን ዛሬ ሬዚደንት እናሠለጥናለን። ከእሳቸው የምወስደው ይሄንን ነው፦ አድልዎን አድልዎ ብሎ መጥራት፣ ከዚያ በር የተዘጋበትን ሰው ማስተማር።