ቤት ያደጉት አይጦች፤ የዶናልድ ሄብ ሕይወትና ሥራ

ዶናልድ ሄብ በ1904 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ በምትገኘው ቼስተር ተወለደ። ወላጆቹ ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ። እርሱ ግን በ1925 ከዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ምኞቱ ልብ ወለድ ደራሲ መሆን ነበረ። ይህም ባይሳካለት በመምህርነት፣ በእርሻና በጉልበት ሥራ ተዳደረ።

በሞንትሪያል የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሳለ ያወጣው ደንብ የኋላ ሥራውን አስቀድሞ ያመለክታል። መማር እንደ ዕድል ተቆጠረ፤ የረበሸ ተማሪ ቅጣቱ ከክፍል ወጥቶ እንዲጫወት መደረግ ሆነ። ቀልድ ቢመስልም፣ አእምሮ በተፈጥሮው ሥራ ይፈልጋል የሚለው እምነቱ ከዚሁ ይታያል።

በ1931 የቲቢ በሽታ ዳሌውን አጥቅቶት አልጋ ላይ ዋለ፤ በ1933 ደግሞ ባለቤቱ በመኪና አደጋ ሞተችበት። በቀጣዩ ዓመት ሞንትሪያልን ትቶ ካርል ላሽሊ ዘንድ ለመማር ወደ ቺካጎ ሄደ። መምህሩን ተከትሎም ወደ ሃርቫርድ ተሻግሮ፣ በጨለማ ስላደጉ አይጦች አጥንቶ በ1936 ዶክትሬቱን አገኘ።

በ1937 ከቀዶ ሐኪሙ ከዋይልደር ፔንፊልድ ጋር ሲሠራ አንድ እንቆቅልሽ ገጠመው። ከፊት አንጎላቸው ብዙ ክፍል የተቆረጠባቸው አዋቂዎች የማሰብ ችሎታ ፈተናውን እምብዛም ሳይቸገሩ ሲያልፉ፣ በሕፃንነት የሚደርስ ጉዳት ግን ችሎታን በሰፊው ያዳክም ነበረ። ከዚህ ተነሥቶ፣ ልጅነት የሚገነባው መሠረት ከተጣለ በኋላ ጉዳትን የመቋቋም ኃይል እንዳለው ገመተ።

ግምቱን የፈተነበት መሣሪያ ከተራ ነገር የመጣ ነው። ጥቂት አይጦች ወደ ቤቱ ተወስደው እንደ ለማዳ እንስሳ አደጉ። በመንገድ ማግኛ ፈተና ሲቀርቡ በላቦራቶሪ ሣጥን ካደጉት በለጡ፤ ይልቁንም አዲስ ልምድ ባገኙ ቁጥር ይበልጥ ይጠቀሙበት ነበር። ይህንን በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ ሲያቀርብ፣ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ሌላውን ደጋግሞ ሲያነቃቃ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ይጠነክራል የሚለውን ሐሳብም አስፍሮአል። ለመሐንዲስ ይህ ከሁሉ የሚማርከው ነው። በ1956 የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪዎች ሐሳቡን በኮምፒዩተር ሲሞክሩት፣ ሕዋሳት እርስ በርስ ከማነቃቃት ሌላ የሚገቱበት መንገድ ካልተጨመረ መረቡ እንደማይሠራ አገኙ። ትልቅ ሐሳብ በስሌት ሲፈተን የሚያጋጥም ጉድለት ነው።

ከ1951 ጀምሮ ግን ሄብ አሳሳቢ ወደ ሆነ ሙከራ ገባ። ገንዘቡ የመጣው ከካናዳ የመከላከያ ምርምር ቦርድ ነው። ተማሪዎች በቀን 20 ዶላር እየተከፈላቸው፣ ዓይናቸውና እጃቸው ተሸፍኖ በጸጥታ ክፍል ተኙ። አብዛኞቹ ከጥቂት ቀናት በላይ አልቻሉም፤ ሐሳባቸው ተበታተነ፣ የሌለ ነገር አዩ። የበሰለ አንጎልም ቢሆን ያለ አካባቢው ምልክት ሥርዓቱን እንደማይጠብቅ ታየ። ይሁን እንጂ ይኸው ዕውቀት ሰውን ለማስገደድ ሊውል እንደሚችል ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር፤ ሙከራውን ከነቀፌታ ነፃ ማድረግ አይቻልም።

በ1964 የበርክሌይ ተመራማሪዎች፣ በመጫወቻና በባልንጀራ መካከል ያደጉ አይጦች የአንጎላቸው ቅርፊት ወፍራም መሆኑን ለኩ። ሄብ በ1970 የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነ፤ በ1985 በትውልድ ክፍለ ሀገሩ በኖቫ ስኮሺያ አረፈ።