ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ፦ ሐዘንን ያወቀ የፍጥረት ወንድም

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ መስከረም 24 ቀን የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚን በዓል ታከብራለች። ስሙን ያልሰማ ምእመን ብዙ አይደለም። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው በሥዕል ነው፤ ወፎች በትከሻው ላይ አርፈው፣ ተኩላ ከእግሩ ሥር ተኝቶ፣ ፊቱም በደስታ ሲያበራ። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ግን ነው። ይህ ቅዱስ ጥልቅ ሐዘንን፣ ረጅም ሕመምንና የወንድሞችን አለመግባባት የቀመሰ ሰው ነበርና። ስለዚህ በዚህ እትም ታሪኩን በዚህ በኩል ልናስታውስ ወደድን። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንቸስኮስ በመካከለኛው ጣልያን፣ በኡምብርያ ምድር በምትገኘው በአሲዚ ከተማ በ1181 ወይም በ1182 ተወለደ። አባቱ ጴጥሮስ በርናርዶኔ ባለጸጋ የጨርቅ ነጋዴ ሲሆን እናቱ ፒካ ትባል ነበር። ወጣቱ መልካም ልብስ፣ ዘፈንና ግብዣ ይወድ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የሚመኘውም ስመ ጥር ፈረሰኛ ወታደር መሆንን ነበር። በ1202 አሲዚ ከጎረቤቷ ከፔሩጃ ጋር በተዋጋች ጊዜ ተማርኮ አንድ ዓመት ያህል በእስር ኖረ። ከተፈታ በኋላም ረጅም ሕመም አልጋ ላይ ጣለው።

ታሪኩን ቀድሞ የጻፈው ቶማስ ዘቼላኖ እንደሚተርከው፣ ፍራንቸስኮስ ጥቂት ሲሻለው በትር ተደግፎ ከቤቱ ወጣ። እርሻውን፣ የወይኑን ቦታና የሀገሩን ውበት አየ። ቀድሞ ልቡን ደስ ያሰኘው የነበረው ያ ሁሉ አሁን ምንም አልሰጠውም። ዓይኖቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ምድሪቱም እንደ ወትሮዋ ለምለም ነበረች፤ ልቡ ግን ዝግ ነበር። በሐዘን የተመታ ሰው ሁሉ ይህን ሁኔታ ያውቀዋል። አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍነው እያየ በውስጡ ክረምቱ ያልወጣለት ወንድም ወይም እኅት በየቁምስናችን አለ።

ታዲያ ይህን ልብ የከፈተው ምንድን ነው? በ1205 ለጦርነት ወደ ደቡብ ጣልያን ጉዞ ጀምሮ ሳለ ከስፖሌቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ አገኘ። እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ማየት ለእርሱ እጅግ መራራ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከፈረሱ ወርዶ ምጽዋት ሰጠው፣ ሳመውም። በሕሙማኑ መካከል እየተመላለሰ ሲያገለግላቸው መራራ የነበረው ነገር ወደ ጣፋጭነት እንደ ተለወጠለት እርሱ ራሱ በሕይወቱ መጨረሻ በኑዛዜው መስክሯል። እንግዲህ ፈውሱ የጀመረው ከሜዳው ሳይሆን ሰው ከሚሸሸው ሰው ዘንድ ነው።

ቀጥሎም በፈራረሰችው በቅዱስ ደምያኖስ ቤተ ክርስቲያን በመስቀሉ ፊት ሲጸልይ የጌታን ጥሪ ሰማ። በ1206 አባቱ በጳጳሱ በአቡነ ጉዊዶ ፊት በከሰሰው ጊዜ ልብሱን ሳይቀር አውልቆ መለሰለትና ከዚያ ወዲያ አባቴ የምለው በሰማይ ያለውን ነው ሲል አስታወቀ። ፍጥረትን ወንድምና እኅት ብሎ የመጥራቱ ምሥጢር ከዚህ ይመነጫል። አንድ አባት ያለው ሰው የአባቱን ሥራ ሁሉ እንደ ቤተሰብ ያያል፤ አይሰግድለትም፣ አይረግጠውምም።

በ1209 ከመጀመሪያዎቹ ተከታዮቹ ጋር ወደ ሮማ ሄዶ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ሣልሳዊ የአኗኗር ሥርዓታቸውን በቃል አጸደቁላቸው። በ1212 ቅድስት ክላራ ተከተለችው። ወንድሞች በዙ። ፍራንቸስኮስም በከተሞች ይሰብክ፣ ከዚያም ለጸሎት ወደ ተራራ ዋሻዎች ይመለስ ነበር። በቤቫኛ አጠገብ ለወፎች ሰበከ፤ ትልን እንኳ መንገደኛ እንዳይረግጠው ከመንገድ ያነሣ ነበር። ማገዶ የሚቆርጡ ወንድሞችን ዛፉ ዳግመኛ ያቆጠቁጥ ዘንድ ከሥሩ እንዳያጠፉት ያዝዛቸው ነበር። አትክልተኛውም መሬቱን ሁሉ በጎመን እንዳይሞላ፣ ለአበባና ለዱር ሣር ከፊሉን እንዲተው አዘዘው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ የሚያይ የሀገራችን ገበሬ ይህን ጥበብ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ የመከራው ዘመን መጣ። በ1219 ወደ ግብፅ ተሻግሮ በዳሚየታ በጦርነቱ መካከል ከሱልጣን ማሊክ አል ካሚል ጋር ተገናኘ፤ በሰላምም ተለያዩ። ሲመለስ ዓይኖቹ በብርቱ ታመሙ። ማኅበሩ ብዙ ሺህ ሆኖ ነበርና በድህነት አኗኗር ላይ ክርክር ተነሣ፤ በ1220 የአለቃነቱን ሥራ ለሌላ አስረከበ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖሪዮስ ሣልሳዊ በ1223 ደንቡን ቢያጸድቁም የልቡ ጭንቀት አልቀረለትም። ከሁለት ዓመት በላይ በቆየ የመንፈስ ፈተና ተይዞ፣ የተለመደ ደስታውን ሊያሳያቸው ስላልቻለ ከወንድሞቹ የሚርቅበት ጊዜ እንደ ነበረ የቅርብ ጓደኞቹ ተርከዋል። በ1224 በላ ቬርና ተራራ ሲጸልይ የጌታችን የሕማማቱ ምልክቶች በሥጋው ላይ ታተሙ።

በ1225 በቅዱስ ደምያኖስ አጠገብ በአንዲት ጎጆ ተኛ። ቀን የፀሐይን ብርሃን፣ ሌሊት የእሳትን ወጋገን መመልከት አልቻለም፤ አይጦችም እንቅልፍ ነሡት። በዚያ ጨለማ ውስጥ የፍጥረታትን መዝሙር ደረሰ፤ ያውም በላቲን ሳይሆን ተራው ሕዝብ በሚናገረው በኡምብርያ ቋንቋ። በመዝሙሩም ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ፣ ስለ ነፋስና ስለ ውኃ፣ ስለ እሳትና ስለ ምድር ፈጣሪን አመሰገነ። ይህን ልብ እንበል፤ ጤነኛ ዓይን ሳለው ሜዳው ያላጽናናው ወጣት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሊያያት ስለማይችላት ፀሐይ ዘመረ።

ሕክምናንም አልናቀም። መጀመሪያ ቢያመነታም ለመታዘዝ ሲል ተቀበለና ሐኪሞች በፎንቴ ኮሎምቦ ከጆሮው እስከ ቅንድቡ በጋለ ብረት ተኮሱት፤ እርሱም እሳቱን እንደ ወንድም ይራራለት ዘንድ ለመነው። በጾምና በድካም ያጎሳቆለውን ሥጋውንም በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቀ። የአሲዚ ጳጳስና የከተማው ገዢ ተጣልተው በነበረ ጊዜ፣ በመዝሙሩ ላይ ስለ ይቅር ባዮች ጨምሮ በፊታቸው አስዘመረ፤ ሁለቱም ታረቁ። ከዚያም ሞትን እኅት ብሎ ተቀብሎ፣ በራሱ ፈቃድ በባዶ መሬት ላይ ከተጋደመ በኋላ ጥቅምት 3 ቀን 1226 ማታ በፖርሲውንኩላ ዐረፈ። ሐምሌ 16 ቀን 1228 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዘጠነኛ ቅድስናውን አወጁ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1979 የተፈጥሮ አካባቢን ለሚንከባከቡ ሁሉ ጠባቂ አድርገው ሰየሙት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 ስለ ጋራ ቤታችን ለጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ስሙን ከዚያው መዝሙር ወሰዱ። ወደ ሀገራችንም የመንፈስ ልጆቹ መጥተዋል። ከካፑቺን ወንድሞች አንዱ የሆኑት አቡነ ማሳያ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ተልእኮ ተሹመው ረጅም ዘመን አገልግለዋል፤ ሕዝቡን የፈንጣጣ ክትባት በመከተባቸውም የፈንጣጣ አባት እየተባሉ ይጠሩ ነበር።

እንግዲህ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ሐዘን የእምነት ማነስ ምልክት ነው ብለን የተጨነቀውን ሰው አንክሰሰው፤ ታላቁ ቅዱስ በዚያ መንገድ አልፏልና። ተራራውን ተመልከትና ተጽናና ብለንም ብቻውን አንስደደው፤ አብረነው እንሂድ፣ ሐኪም የሚያስፈልገውንም ወደ ሐኪም እናድርሰው። ልጆችን ስናስተምር ችግኝ መትከልን ከይቅርታና ድሀን ከመጎብኘት ጋር አንድ አድርገን እናስተምር። ምንጩን እየጠበቀ ከጎረቤቱ ጋር የማይነጋገር ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ጎረቤቱን እየወደደ ምንጩን የሚያቆሽሽም እንደዚሁ።

በሐዘን ውስጥ ላሉት ሁሉ እግዚአብሔር የምስጋናን ልብ ይስጥልን፤ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ጸሎትና አማላጅነት ከእኛ ጋር ይሁን። አሜን።