የመንግሥት ሥራቸውን ሳይለቁ ማተሚያ ቤት የከፈቱት ሰው፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

መካኒሳ ውስጥ ቀን ተቀጥሮ፣ ማታ የራሱን ነገር የሚሞክር ወጣት መቁጠር ብንጀምር አንጨርስም። ባንክ ቤት ውሎ ማታ ቲሸርት ላይ የሚያትም አለ። ስታስተምር ውላ ቅዳሜና እሁድ የአገር ልብስ ጥልፍ የምትሠራ አለች። በጀርመን አደባባይና በመካኒሳ አቦ አካባቢ ካሉት ትንንሽ የፎቶ፣ የቪዲዮና የኅትመት ቤቶች ስንቶቹ በሌላ ሥራ ደመወዝ ኪራያቸው እንደሚከፈል ባለቤቶቹ ያውቁታል።

እነዚህ ልጆች ሁሌም የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ደመወዙን ልተው ወይስ ልያዘው? ማኅበራዊ ሚዲያው ደግሞ መልሱን አንዴ ጨርሶታል፤ ደፋር ሰው ሥራውን ይለቃል፣ ፈሪው ይቆያል ይላል። እኛ ዛሬ የአንድ ሰው ሕይወት ልናስታውሳችሁ ነው። እኚህ ሰው አልለቁም። ግን ፈሪም አልነበሩም። ስማቸውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተነዋል፤ በጸሐፊነታቸውና በሚኒስትርነታቸው ነው የምናውቃቸው። ማተሚያ ቤት ከፍተው የኅትመት ሥራ የጀመሩ ሰው መሆናቸው ግን እምብዛም አይነሳም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት በ1870ዎቹ መግቢያ፣ ሸዋ ውስጥ መርሐ ቤቴ ነው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) የተማሩት የዘመኑ ልጅ የሚማረውን የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። እንጦጦ ራጉኤልም ተምረዋል። በዚያ ዘመን እንዲህ የተማረ ሰው ከፊቱ ያለው መንገድ የታወቀ ነው፤ ወይ ቤተ ክርስቲያን ማገልገል፣ ወይ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነት መግባት። መጽሐፍ ጽፎ፣ አሳትሞ፣ ሸጦ መኖር የሚባል ሥራ አገሩ ላይ ጭራሽ አልነበረም። መጽሐፍ ማለት በብራና ላይ በእጅ የሚጻፍ፣ ለደብር ወይም ለመኳንንት የሚዘጋጅ ነገር ነበር።

ኅሩይ የያዙት የመንግሥቱን መንገድ ነው። ግን ገና ከጅምሩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ነገር ነበራቸው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። እስቲ አስቡት፤ መጽሐፍ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው በመጀመሪያ ምን ምን መጽሐፍ እንዳለ ቆጠረ። ዛሬ ነጋዴዎች ገበያ ማጥናት የሚሉት ይሄንን ነው። ምን እንዳለ ያወቀ ሰው ምን እንደጎደለም ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ሹመቱም ሥራውም ተከታተለ። ከዝርዝሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ጋር ወደ ለንደን ሄደው ነበር። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አሜሪካ ከተላኩት አንዱ ሆነው ዋሽንግተን ደረሱ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን በዳይሬክተርነት መርተዋል። የውጭ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ውስጥም በዳኝነት ሠርተዋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ተጉዘዋል።

ይሄ ሁሉ ሙሉ ሰዓት የሚበላ ሥራ ነው። ማዘጋጃ ቤት ማለት የመሬት ጭቅጭቅ፣ የመንገድና የውኃ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ማለት ከጠዋት እስከ ማታ ባለጉዳይ ነው። ግን በነዚሁ ዓመታት ውስጥ መጽሐፎቹ አልቆሙም። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ወጣ። በ1915 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መጻሕፍት ወጡ፤ አንዱ በምሳሌ የተጻፈው «ወዳጄ ልቤ» ነው። ሌላው የቀደሙና በጊዜው የነበሩ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ የሰበሰበው «የሕይወት ታሪክ» ነው። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእነዚህ ዓመታት የራሳቸው ማተሚያ ቤት አልነበራቸውም። የ1915ቱን መጻሕፍት ያሳተሙት በአልጋ ወራሹ ማተሚያ ቤት ነው። ማለትም መጀመሪያ በሰው ማሽን ሠሩ። ጽሑፋቸው አንባቢ ያገኝ እንደሆነ፣ ኅትመት ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ፣ ስሕተት የት የት እንደሚገባ የማየት ዕድል ያገኙት በሰው ቤት ነው። የራሳቸውን ማተሚያ ቤት፣ «ጎሐ ጽባሕ»ን ያቋቋሙት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከመጀመሪያው መጽሐፋቸው እስከ ራሳቸው ማሽን ድረስ 15 ዓመት ገደማ አለፈ ማለት ነው። እኛ ዛሬ በስድስት ወር ካልተሳካ አልተሳካም እንላለን።

ለመሆኑ በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤት መክፈት ምን ማለት ነበር? ኮምፒውተር የለም። እያንዳንዱ ፊደል ከእርሳስ የተቀረጸ ነው፤ ፊደል ለቃሚው ከሳጥኑ አንድ በአንድ እየለቀመ መሥመሩን ይደረድራል። የእንግሊዝኛ አታሚ 26 ፊደል በትልቅና በትንሽ ይዞ ሥራውን ይጀምራል። የእኛ 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። አንድ ገጽ ላይ «የ» ካለቀ ሥራው ይቆማል። ገጹ ተደርድሮ ሲያልቅ ለሙከራ ይታተማል፤ ይታረማል፤ እንደገና ይለቀማል። ከታተመ በኋላ ፊደሉ ተበትኖ ወደየሳጥኑ ይመለሳል። ወረቀቱና ማሽኑ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል ይመጣል፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ላይ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት፣ መጽሐፍ በገንዘብ የመግዛት ልማድ ያለው ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ደመወዙን ትቶ ማተሚያ ቤት ብቻ ይዞ መቀመጥ ጀግንነት ሳይሆን ራስን ማስራብ ነበር። ኅሩይ ሁለቱንም ያዙ። ጎሐ ጽባሕ ማለት የንጋት ወገግታ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ምን ተስፋ እንዳደረጉ ይናገራል።

ከማተሚያ ቤቱ በኋላ ያሉት ዓመታት በጽሑፍ ሥራቸው ከሁሉም ፍሬ የበዛባቸው ናቸው። የሚገርመው ደግሞ በመንግሥት ሥራቸውም የከበዱት እነዚሁ ዓመታት መሆናቸው ነው። ጥቅምት 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ፤ ኅሩይም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት ያለዕድሜ ጋብቻን የሚነካው «የልብ ሐሳብ» ወጣ። በ1925 ዓ.ም. ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ አወቀ የሚባል ወጣት ከዘመዶቹና ከአገሩ ልማድ ጋር የሚታገልበት «ሐዲስ ዓለም» ታተመ። ዛሬም ቢሆን ተምሮ ቤተሰቡ ዘንድ የተመለሰ ሰው ያን መጽሐፍ ቢያነብ ራሱን ያገኝበታል።

ሁለቱ ሥራዎች እንዴት እንደተጋገዙ ለማየት ግን ከጃፓን ጉዞ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1924 ዓ.ም. መግቢያ ኅሩይ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄዱ። ጉዞው የመንግሥት ሥራ ነው፤ ወጪውም የመንግሥት ነው። እሳቸው ግን በደብዳቤና በስጦታ ልውውጥ ብቻ አላበቁም። ያዩትን ጽፈው፣ ሳይቆዩ በዚያው ዓመት በራሳቸው ማተሚያ ቤት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው አወጡት። የቀን ሥራቸው የወሰዳቸውን ቦታ የራሳቸው ሥራ ወደ መጽሐፍ ለወጠው። አብዛኞቻችን የቅጥር ሥራችንን ከፈጠራችን ጊዜ የሚሰርቅ ጠላት አድርገን ነው የምናየው። እሳቸው ግን ጓዳ አደረጉት፤ ቀለቡን ከዚያ አወጡ።

አሁን ሳንሸፋፍን እንነጋገር። ኅሩይ የመካኒሳ ተቀጣሪ ወጣት አልነበሩም። ሹም ነበሩ፤ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ የሚያስቆማቸው ሰው አልነበረም። ወጣቱ ዛሬ የሚታገለው ከቤት ኪራይ፣ ከታክሲ ሰልፍ፣ ከመብራት መጥፋትና ከንግድ ፈቃድ ጉዳይ ጋር ነው። ሌላም ነገር አለ። ባለሥልጣን ሆኖ የራስን የኅትመት ሥራ ማካሄድ ዛሬ ቢሆን የጥቅም ግጭት ተብሎ ያስጠይቃል፤ ማስጠየቁም ትክክል ነው። ተቀጥራችሁ የራሳችሁን የምትሞክሩም ብትሆኑ የቅጥር ውላችሁን አንብቡ። በመሥሪያ ቤት ሰዓትና በመሥሪያ ቤት ዕቃ የግል ሥራ መሥራት ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ከኅሩይ ሕይወት ሥልጣናቸውን መኮረጅ አንችልም። ትዕግሥታቸውንና አካሄዳቸውን ግን መውሰድ እንችላለን፤ መጀመሪያ ምን እንዳለ ማወቅ፣ በሰው ማሽን መሞከር፣ ትንንሽ ሥራ እየጨረሱ ማውጣት፣ ከዚያ የራስን መግዛት።

ይሄ መንገድ ዋጋ አላስከፈላቸውም ማለት ግን አይደለም። ኑሯቸው የተሰካው በመንግሥቱ ላይ ነበርና መንግሥቱ ሲናጋ ሁሉም ነገር አብሮ ተናጋ።

በ1921 ዓ.ም. በጎሐ ጽባሕ ያሳተሙት አንድ መጽሐፍ አለ፤ «ዋዜማ» ይባላል። ስሙን በከንቱ አልሰጡትም። ወደፊት ለሚመጣው ትልቅ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ዋዜማ እንዲሆን ነው። በዓሉ በማግሥቱ ይመጣል ማለታቸው ነበር። ያ ትልቁ ታሪክ፣ ከንግሥተ ሳባ እስከ ዓድዋ ድል የሚደርሰው፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሥራው ተጀምሮ ሳለ ነው የጣሊያን ጦር የመጣው። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ኅሩይም አብረው ወጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ማተሚያ ቤቱ፣ ፊደሉ፣ ወረቀቱ፣ ያላለቀው መጽሐፍ፣ ሁሉም እዚሁ ቀረ። ዋዜማው ተከበረ፤ በዓሉን ግን ደራሲው አላዩትም።

ቀሪ ዕድሜያቸውን በስደት አሳለፉ። መጀመሪያ ኢየሩሳሌም፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡበት በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ፌርፊልድ በሚባለው የስደት ቤት ውስጥ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 60 ገደማ ነበር። እዚያው ተቀበሩ። አገራቸው ነጻ ስትወጣ ለማየት አልታደሉም፤ ከነጻነት በኋላ ግን አጽማቸው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል።

ታዲያ ምን ተረፈ? ሹመቱ አልተረፈም፤ ሚኒስትርነት በሌላ ሚኒስትር ይተካል። የማዘጋጃ ቤቱን ወንበር ከእሳቸው በኋላ ስንት ሰው ተቀምጦበታል። ዛሬ እሳቸውን የምናስታውሰው ጎን ለጎን በሠሩት ሥራ ነው። ከሃያ በላይ መጻሕፍት ትተዋል። አቋርጠውት የሄዱት ትልቁ የታሪክ መጽሐፍ እንኳ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ እንደገና ታትሞ አንባቢ እጅ ገብቷል። «የሕይወት ታሪክ» ባይኖር ስማቸው እንኳ የማይታወቅ ብዙ ሰዎች ነበሩ። «ሐዲስ ዓለም»ን ስለ አማርኛ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሁሉ ሳያነሳው አያልፍም።

እና መካኒሳ ላይ ቀን ተቀጥረህ ማታ የምትሠራ ወንድማችን፣ ሥራ ውለሽ ቤት ገብተሽ መርፌና ክር የምታነሺ እኅታችን፣ ደመወዛችሁን ስላልለቀቃችሁ ብቻ ማንም ፈሪ እንዲላችሁ አትፍቀዱ። ጥያቄው መልቀቅ ወይም አለመልቀቅ አይደለም። ጥያቄው ዘንድሮ ምን ጨረሳችሁ የሚለው ነው። ኅሩይ በሹመት ላይ ሹመት ሲደረብባቸው እንኳ መጽሐፍ ጨርሰው ያወጡ ነበር። አንድ ቲሸርት፣ አንድ ቀሚስ፣ አንድ አጭር ፊልም ጨርሶ ማውጣት ይቻላል። ቢያንስ ዋዜማውን ዛሬ አውጡ።