ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፤ ከሰቆጣ የተነሡ የሦስት ዓመት ንጉሠ ነገሥት

የኢትዮጵያን ታሪክ በትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ ከዐፄ ቴዎድሮስ ተነሥተን በአንድ እርምጃ ወደ ዐፄ ዮሐንስ እንሻገራለን። በመካከላቸው ሦስት ዓመት ያህል ዘውድ ደፍተው የነገሡትን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን መምህሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋቸዋል፤ ተማሪውም በፈተና ስለማይጠየቅ ይረሳቸዋል። ይኹን እንጂ የእኒህ ሰው ሕይወት በሚገባ ቢመረመር፣ በዚያ ዘመን የአገራችን ክፍሎች በኑሮ፣ በሃይማኖት ትምህርትና በንግድ ምን ያህል ይለያዩ እንደ ነበር፣ ልዩነቱም አንድን ንጉሥ እንዴት አድርጎ እንደ ጣለ ያስረዳል።

ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከመንገሣቸው በፊት ዋግ ሹም ጎበዜ ይባሉ ነበር። አባታቸው ዋግ ሹም ገብረ መድኅን ሲኾኑ፣ በእናታቸው በወይዘሮ አይችሽ በኩል ደግሞ ከጎንደር ነገሥታት ዘር ይወለዳሉ። ዋግ ሹምነት ማለት ተራ አገር ገዥነት አልነበረም። በ1262 ዓ.ም. ገደማ የዛጉዬ መንግሥት አልፎ ዘውዱ ወደ ይኩኖ አምላክ በዞረ ጊዜ፣ የዛጉዬ ልጆች ዋግን በርስትነት እንዲይዙና በንጉሡ ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጡ ስምምነት ተደርጓል ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ከሰቆጣ ከተማ አጠገብ ከዓለት በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግ ሹሞች አስከሬን ተጠብቆ መቆየቱም የዚህ ቤት ክብር ምስክር ነው።

አገሩ ግን እንደ ገዥዎቹ ስም ባለጸጋ አልነበረም። ዋግ ደጋው ተራራ፣ ቆላው ከእነ ጽጽቃ ወዲያ እየተንደረደረ ወደ ተከዜ የሚወርድ ገደል ነው። ዝናቡ ቀጭን፣ የእርሻው መሬት ጠባብ ስለ ኾነ ገበሬው ከማሳው ጋራ ፍየሉንና የንብ ቀፎውን ተስፋ ያደርጋል። ሕዝቡ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የኾነውን ኽምጣንጋን ሲናገር፣ ለገበያና ለአስተዳደር አማርኛውን፣ ከሰሜን ጎረቤቱ ጋራ ደግሞ ትግርኛውን ይጠቀማል። የሰቆጣ ሀብት ጨው ነበር። ከአፋር በረሓ የተቆረጠው አሞሌ ወደ ትግራይ ደጋ ወጥቶ፣ በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ያልፍ ነበር። አሞሌ በዚያ ጊዜ ለወጥ ብቻ ሳይኾን ለገንዘብም ያገለግላል፤ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ ቍጥርም ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ ነጋዴው ከመንገዱ፣ ዋግ ሹሙም ከቀረጡ ይጠቀሙ ነበር።

ጎረቤቶቹን ስንመለከት ነገሩ ሌላ ነው። ትግራይ ለምጽዋ ወደብ ቅርብ በመኾኑ ጠመንጃና የውጭ አገር ሰው አስቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው። ጎጃም አፈሩ የለማ፣ ጤፉና ከብቱ የተትረፈረፈ፣ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡናና ወርቅ በባሶ ገበያ የሚያልፍበት አገር ነበር። በሃይማኖት ረገድም ቤተ ክርስቲያን አንዲት ብትኾን ትምህርቷ ተከፋፍሎ፣ በትግራይ ካራ፣ በጎጃም ቅባት፣ በሸዋ ጸጋ ይበረታ ነበር። በወሎ ደግሞ እስልምና ሥር ሰዶአል።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ የነበሩት 13ቱ ቅኝ አገሮች ከአንድ ባሕር ማዶ ቢተዳደሩም፣ የማሳቹሴትሱ ፒዩሪታን በከተማ ተሰብስቦ በዓሣና በመርከብ ሲኖር፣ የፔንሲልቬንያው ኩዌከር ስንዴ ያመርት ነበር፤ የቨርጂንያው ባላባት በበኩሉ በባሪያ ጉልበት ትንባሆ ያስተክል ነበር። ልዩነታቸውን በምክር ቤት ተሰብስበው ቢያስታርቁትም፣ የባርነትን ጉዳይ ሳይፈቱት በማለፋቸው ከ70 ዓመት በኋላ እርስ በርሳቸው ተፋጅተዋል።

ወደ ዋግ ሹም ጎበዜ እንመለስ። አባታቸውን ዐፄ ቴዎድሮስ በስቅላት ስለ ቀጧቸው ልጃቸው በ1850ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሸፈቱ። ዋግንና ላስታን ይዘው ወደ የጁም ወደ በጌምድርም እጃቸውን ዘረጉ። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት እርሳቸውም፣ የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫም መንገዱን አልዘጉበትም። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ግን የሁለቱ ዕድል ተለያየ። እንግሊዞች ወደ ባሕር ሲመለሱ የሚያልፉት በካሣ አገር ነበርና መድፍና ጠመንጃ ለካሣ ሰጥተው ሄዱ። ለጎበዜ የደረሳቸው ባዶው ዙፋን ብቻ ነው። በነሐሴ 1860 ዓ.ም. በሰቆጣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አወጁ።

አዲሱ ንጉሥ አገሩን ሊያስተሳስሩ የሞከሩት አባቶቻቸው በሚያውቁት መንገድ፣ በደምና በጋብቻ ነበር። የካሣን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫን አገቡ፤ የራሳቸውን እኅት ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንን ለጎጃሙ አዳል ተሰማ ዳሩ። በጎንደር የተጐዱትን አብያተ ክርስቲያናት እያሳደሱ ካህናቱን ለማስደሰት ጣሩ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባቸው። አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በመቅደላ ስለ ሞቱ፣ ቀብቶ የሚያነግሥ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም። ከግብፅ ጳጳስ ለማስመጣት ደግሞ ገንዘብና የባሕር መንገድ ያስፈልጋል። ይህን ያገኙት ካሣ ናቸውና በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ወደቡ ጠመንጃውንም ጳጳሱንም ለአንድ ወገን ሰጠ ማለት ነው።

ካሣ አልገብርም ስላሉ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ወደ ትግራይ ዘመቱ። የታሪክ ጸሓፊዎች የንጉሡን ሠራዊት 60,000፣ የካሣን 12,000 ያህል አድርገው ይገምቱታል። ኾኖም የካሣ ወታደሮች ጆን ኪርክሃም በሚባል እንግሊዛዊ የሠለጠኑና አዲሱን መሣሪያ የታጠቁ ነበሩ። በሐምሌ ወር በዐድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት የዋግ፣ የላስታና የበጌምድር ፈረሰኛ በመድፍና በጠመንጃ ፊት ረገፈ፤ ንጉሡም ቈስለው ተማረኩ። ወይዘሮ ድንቅነሽ በዚያን ቀን ባላቸው ተሸናፊ፣ ወንድማቸው አሸናፊ ኾነ፤ በየትኛው ቤት ያለቅሱ? ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ሲነግሡ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዓይናቸው ጠፍቶ በእስር ቤት ኑሯቸውን ጨረሱ።

አንዳንዶች ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ጦር መምራት ስለማያውቁ ተሸነፉ ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ይህ ፍርድ ያጠረ ይመስለኛል። እርሳቸውን የጣላቸው የሰው ማነስ ወይም የጀግና መጥፋት ሳይኾን፣ አገሩ በአንድ ዘውድ ሥር ነው ሲባል በኑሮው ግን ብዙ አገር መኾኑ ነው። የጨው ገበያ ያለው ከወደብ ባለቤት ጋራ በጋብቻ ብቻ ሊተካከል አልቻለም። ዐፄ ዮሐንስ ይህን ስለ ተረዱ ይመስላል፣ በኋላ ምኒልክን በሸዋ፣ አዳልን በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው በጎጃም እንዲነግሡ ፈቀዱላቸው። በሃይማኖት በኩል ግን በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ቅባትንና ጸጋን በዐዋጅ ከለከሉ። አንዱ ልዩነት በመቻቻል፣ ሌላው በኀይል ተያዘ።

ከዐድዋው ሽንፈት 25 ዓመት ያህል በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዋግ ጦር በዋግ ሹም ጓንጉል እየተመራ እንደ ገና በዐድዋ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ግን የትግራዩ ራስ መንገሻና የወይዘሮ ላቀች ባል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎኑ ነበሩ። የዋግ ገበሬ በዚያ ቀን ኽምጣንጋውን አልተወም፤ ጎጃሜውም እርሻውን አልረሳም። ጠላታቸው አንድ መኾኑንና የእያንዳንዱ ድርሻ ለሁሉ የሚያስፈልግ መኾኑን ግን ዐወቁ።

ከየአውራጃው መጥተን በአንድ አዳራሽ የምንማር እኛም ስለ አንድነት ስንከራከር አስቀድመን መጠየቅ የሚገባን ወደቡ፣ መንገዱና ትምህርት ቤቱ ለማን ደረሰ፣ ለማንስ ቀረ ብለን ነው። ይህ ሳይጠየቅ የሚታሰር ውል የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን የጋብቻ ውል ይመስላል፤ ሠርጉ ያምራል፣ ክረምቱ ሲገባ ግን ይፈርሳል።